ዋናው የታለ? ስለ ኅትመት ሥነ ጥበብ ትምህርት ለወላጅም ለተማሪም

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ሰው የሆኑ አንዲት እናት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውን አስከትለው እዚህ ሀዋሳ ቤቴ መጡ። ቡናው ገና ሳይፈላ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ልጄ፣ አንተ ይሄን ነገር ተምረኸዋል አሉኝ። ይቺ ልጅ ሥዕል ካልተማርኩ ስትል ከርማ፣ አሁን ደግሞ ከሥዕልም ኅትመት ነው የምፈልገው አለች። ኅትመት ማለት ማተሚያ ቤት መቀጠር አይደለም እንዴ? ለሱ ዲግሪ ምን ያደርጋል?»

መልስ ልሰጣቸው ስል ዓይናቸው ግድግዳዬ ላይ አረፈ። እዚያ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሦስት ሥዕሎች አሉ። ሦስቱም አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው አጠገብ የቆመ አንድ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ ናቸው፤ ከግርጌያቸው በእርሳስ 3/14፣ 8/14 እና 11/14 ተብሎ ተጽፏል። «ከነዚህ ውስጥ ዋናው የታለ?» አሉኝ። «ሁሉም ዋና ናቸው» ብላቸው አልተዋጠላቸውም። ልጅቷም ዝም ብላ እኔን ታየኛለች፤ እናቷን ማስረዳቱ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን በአፍ ያስረዳሁትን እዚህ በጽሑፍ ላስፍረው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ወላጅ ሰምቻለሁ፤ የሚጠይቁትም ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው።

ከማኅተም እንነሳ

«ኅትመት» እና «ማኅተም» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። የቀበሌን ክብ ማኅተም ወይም ስምና ማዕረግ ያለበትን ቲተር ያላየ የለም። ጎማው ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይቃናል። ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ የቀረው የጎማው ክፍል ነው፤ ተቆርጦ የወጣው ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የኅትመት ጥበብ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ሠዓሊው ወረቀቱ ላይ በቀጥታ አይሥልም። መጀመሪያ እንጨት፣ ጎማ፣ መዳብ፣ ድንጋይ ወይም የተወጠረ ጨርቅ ላይ ሥዕሉን የሚሸከም ሰሌዳ ያዘጋጃል። ከዚያ ሰሌዳውን ቀለም አልብሶ ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወረቀቱ እስኪነሳ ድረስ ሥዕሉ የትም የለም። ሰሌዳው የተገለበጠ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ቀለም የተለቀለቀ ዕቃ ነው፤ ማንም ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው አያስበውም። ሠዓሊው ያሰበው ነገር የሚገኘው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።

ገልብጦ ማሰብ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ በእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በ፣ ሰ፣ ጠ ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ራብዕና ሳብዕ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ባ ቀኝ እግሩ ረጅም ነው፤ ቦ ደግሞ ግራው። ስለዚህ ባን በመስታወት ብታዩት ቦ ሆኖ ይታያችኋል፤ ሳም ሶ ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ «ሀዋሳ» የሚለውን ቃል እንደሚነበበው ቀርጬ አተምኩት። ወረቀቱን ሳነሳው ቃሉ ከኋላ ወደ ፊት ዞሯል፤ መጀመሪያ ላይ «ሶ» ተቀምጧል፣ ዋ ፊቷን አዙራለች፣ መጨረሻ ላይ ሀ ምንም ሳይነካው ቆሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፍ ያለበትን ሥራ በመስታወት ሳላይ መቅረጫ አላነሳም።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መጽሐፍ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው። የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነበር። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ቋንቋውን የተማረው ሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። የብረት ፊደል ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ባ ከቦ፣ እያንዳንዱን ሳ ከሶ እየለየ የለቀመውን ሰው ሳስበው እጁን መሳም ያምረኛል።

አራት መንገዶች፣ አራት ጠባይ

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ኅትመት የሚማር ሰው አራት ቤተሰቦችን ይተዋወቃል። ሁሉም ከአንድ ጥያቄ ይነሳሉ፦ ቀለሙ ሰሌዳው ላይ የት ነው የሚቀመጠው?

የመጀመሪያው የማኅተም ዘመድ ነው፤ ቀለሙ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። እንጨት ላይ ሲሆን ውድከት፣ ሊኖሊየም ላይ ሲሆን ሊኖከት ይባላል። ሊኖሊየም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንግሊዝ አገር ለወለል ንጣፍ ተብሎ የተፈለሰፈ ነው፤ ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ይሠራል። የወለል ንጣፍ ሆኖ መጥቶ የሠዓሊ ዕቃ ሆነ፤ ምክንያቱም እንደ እንጨት የራሱ ጭረት ስለሌለው መቅረጫው ወደፈለገበት ይሄዳል። ውድከት ደግሞ በተቃራኒው የእንጨቱን ጭረት ይወዳል። ተራ ኮምፔንሳቶ ላይ የቀረጸ ሰው ሰማዩን ሳይቀርጸው ቢተወው እንኳ የእንጨቱ ጅማት ታትሞ ደመና ይመስልለታል።

ሁለተኛው ኤቺንግ የሚባለው ያለበት ቤተሰብ ነው፤ እዚህ ቀለሙ የሚቀመጠው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ የተሰነጠቀ ተረከዝ ነው የማነሳው። ጭቃ የረገጠ ሰው እግሩን በጨርቅ ቢጠርግ ላዩ ይጸዳል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ግን አይወጣም። ሠዓሊው የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ ላይ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ላዩን ጠርጎ ያጸዳዋል፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም ወደ ወረቀት ይሄዳል። ቀለሙን ከዚያ ጉድጓድ ለማውጣት ወረቀቱ ርሶ መለስለስ አለበት። ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋገር የቅጠሉ ጅማት ዳቦው ላይ ተቀርጾ እንደሚወጣው፣ እርጥብ ወረቀትም ፕሬስ በሚባለው ከባድ መጭመቂያ ማሽን ሲጨመቅ እንደ ሊጥ ወደ ስንጥቁ ይገባል። በኤቺንግ የታተመ ሥዕል ላይ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ብታሳልፉ መስመሩ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለያ አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ስንጥቁ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች ሁለቱን ልንገራችሁ። በሹል መርፌ ሰሌዳውን መጫር አንዱ ነው፤ ድራይፖይንት ይባላል። መርፌው ሲያልፍ ግራና ቀኝ የምትነሳው የብረት ፍርፋሪ ቀለም ስለምትይዝ መስመሩ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ ቬልቬት የመሰለ ይሆናል። ግን ፍርፋሪዋ በፕሬሱ ክብደት ቶሎ ትደቃለች፤ ብዙ ቅጂ አይወጣም። ሌላው መንገድ አሲድ ነው። ሰሌዳው ሰምና ሬንጅ የተቀላቀለበት ስስ ሽፋን ይቀባል፣ ሠዓሊው ሽፋኑን ብቻ በመርፌ ይገልጣል፣ ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የተገለጠውን ብረት ይበላዋል። ጥቂት ደቂቃ የቆየ መስመር ቀጭንና ፈዛዛ፣ ረጅም ጊዜ የቆየው ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። እንግዲህ ጊዜም እንደ እርሳስ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው፤ እኔን መጀመሪያ የማረከኝ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ስለ ደኅንነት ቢጠይቁ እውነት አላቸው። አሲድ የሚሠራበት ክፍል አየር ማስወጫ፣ ጓንት፣ መነጽርና መታጠቢያ ያስፈልገዋል። ሁልጊዜ አሲዱ ውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ አሲድ ላይ አይጨመርም። ብዙ የማስተማሪያ ስቱዲዮዎች ዛሬ ናይትሪክ አሲድን ትተው ለመዳብ ፌሪክ ክሎራይድ ይጠቀማሉ። እሱም ልብስ ያበላሻል፣ ቆዳም ይጎዳል፣ ግን እንደ ናይትሪክ አሲድ ያለ መርዘኛ ጢስ አያወጣም። ልጃችሁ የምትማርበትን ቦታ ስትጎበኙ አየር ማስወጫው ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሦስተኛው ሊቶግራፊ ነው፤ እዚህ ጉድጓድም ጉብታም የለም። ሰሌዳው ዝርግ የኖራ ድንጋይ ነው። ዘይት የነካው ሰሃን ላይ ውኃ ብታፈሱ ውኃው ከቅባቱ ይሸሻል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ድንጋዩ ላይ ይሥላል። ድንጋዩ በሙጫና በትንሽ አሲድ ይታከማል፣ በስፖንጅ ይርሳል፣ ከዚያ ዘይት ያለው ቀለም በሮለር ይሄድበታል። ቀለሙ ከእርጥቡ ቦታ ይሸሻል፣ ቅባቱ ላይ ይጣበቃል። የሚያስፈልገው ሙጫ ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ነው፤ በአገራችን ቆላ የሚገኘው ዓይነት። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1796 እስከ 1798 ባለው ጊዜ ያገኘው አሎይስ ዜኔፌልደር የሚባል ባየርናዊ ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ ድርሰቶቹን በርካሽ የሚያሳትምበትን መንገድ ሲፈልግ ነው ያገኘው። ዛሬ ጋዜጣና የትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚታተምበት ኦፍሴት የዚያ ድንጋይ የልጅ ልጅ ነው። ድንጋዩ ራሱ ውድና ከባድ ስለሆነ በየቦታው አይገኝም።

አራተኛውን ሁላችሁም ለብሳችሁታል። የምርቃት ቲሸርት፣ የሠርግ ቲሸርት፣ የሩጫ ቲሸርት የሚታተምበት ስክሪን ኅትመት ነው። ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አለ፤ ቀለም እንዲያልፍ የማይፈለግበት ቦታ ይደፈናል፣ የተቀረው ክፍት ነው። በጎማ መጥረጊያ ቀለሙን ስትገፉት በክፍቱ ብቻ ያልፋል። ይህ ብቻ ነው ገልብጦ ማሰብ የማይፈልገው፤ ቀለሙ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ስለሚወርድ ባ ባ ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ዋናው የታለ?

ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ። «እርስዎ ስንት ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። «አራት» አሉ። «ከአራቱ ዋናው የቱ ነው?» ስላቸው ሳቁ፤ ልጃቸውን ትከሻዋን መታ አደረጉ፣ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ።

የጥያቄያቸው ፍሬ ግን በምሳሌ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ገንዘብም ክብርም ያለበት ጉዳይ ነው። የሸራ ሥዕል ፎቶ ተነስቶ በማሽን ቢባዛ ዋናው ሸራው ነው፤ ሌላው ምስሉ ነው። የኅትመት ሥራ ግን ከወረቀቱ ሌላ የሚጠቀስ ዋና የለውም። እያንዳንዱ ወረቀት በሠዓሊው እጅ ቀለም ተቀብቶ፣ ተጨምቆ፣ ተነስቶ፣ ተመርምሮ ነው የተወለደው። ስለዚህ ባለሙያው ስንት እንደሚያትም አስቀድሞ ይወስናል፣ ያንን ያህል ያትማል፣ እያንዳንዱን በእርሳስ ይፈርማል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። 3/14 ማለት በጠቅላላው 14 ወጥተዋል፣ ይህ ሦስተኛ ቁጥር የተሰጠው ነው ማለት ነው። አንደኛ ስለሆነ የተሻለ፣ አሥራ አራተኛ ስለሆነ የባሰ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ይጫራል ወይም ይጠፋል፤ ተጨማሪ እንዳይወጣ። ገዢውን የሚጠብቀው ይህ ቃል ነው። ቃሉን የሚያፈርስ ሰው፣ 14 ብሎ ፈርሞ በጓዳ 30 የሚያወጣ፣ ሙያው ውስጥ ሌባ ነው።

የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ደግሞ ይህን ነገር ወደ ሌላ ጥግ ወስዶታል። «ሦስቱ መስቀሎች» የሚባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1653 ሠርቶ አተመ፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ የመዳብ ሰሌዳ ወስዶ ብዙውን ክፍል ፋቀ፣ ሰዎቹን ቀየረ፣ ትዕይንቱን በጥቁር መስመሮች ጨለማ ውስጥ ከተተው። ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ብታዩ አንደኛው ብርሃን የሚዘንብበት፣ ሌላው መብረቅ የወረደበት ይመስላል። ከነዚያ ሁለቱ ዋናው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አባ ኮዳው እንዴት እንደታተመ

ግድግዳዬ ላይ ያለው ሥራ ሦስት ቀለም አለው፤ ሰሌዳው ግን አንድ የሊኖሊየም (በአጭሩ ሊኖ) ቁራጭ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ እየቀነሱ መቅረጽ ይባላል። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሊኖ ሠርቶበት በሰፊው ታውቋል። ሙያው ከሰው ምን እንደሚጠይቅ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስለሌለ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ 20 ወረቀት ቆረጥኩ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ መወሰን አለበት፤ ኋላ ላይ መጨመር አይቻልም። ከዚያ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምፈልገውን ብቻ ቀርጬ አወጣሁ፦ የወፉን ሆድና ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ነጥብ። ሰሌዳውን ፈዛዛ ሮዝ ቀብቼ ሃያዎቹንም አተምኩ። ቀለሙ ዘይት ስላለው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ ክረምት ቢሆን ሳምንት ይፈጅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሮዝ ሆኖ እንዲቀር የምፈልገውን ቀርጬ አወጣሁ፦ መላጣውን ራስ፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ኮዳ፣ የንጋቱን ሰማይ። በዚያው ሰሌዳ ግራጫ ቀለም ከሮዙ በላይ አተምኩ። ሦስተኛ፣ ግራጫ ሆኖ እንዲቀር የምፈልገውን፣ ማለት የሐይቁን ውኃና የክንፉን ዳር፣ አውጥቼ በመጨረሻ ጥቁሩን አሳረፍኩ። በየዙሩ ወረቀቱ ከቀደመው ቀለም ጋር እንዲገጥም ካርቶን ላይ የማዕዘን ምልክት ሠርቻለሁ፤ አንድ ሚሊሜትር ቢንሸራተት የወፉ ዓይን ጉንጩ ላይ ይወጣል።

በየዙሩ ሰሌዳው እየተበላ ስለሚሄድ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በሁለተኛው ዙር ኮዳውን ስቀርጽ መቅረጫዬ አመለጠኝና ደረቱን ከውኃው የሚለየውን መስመር በላው። ሊኖ ላይ ላጲስ የለም። ለግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁትና በመጨረሻ ከጎኑ ባልተቆረጠው ሊኖ ላይ ጥቂት የቄጠማ ሰንበሌጥ እንዲቆም አደረግሁ፤ የጠፋውን መስመር ጥቁሩ ቄጠማ ተሸከመው። ዛሬ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቁመው ያንን ቄጠማ ነው። ከሃያው ወረቀት ስድስቱ ተበላሹ፦ ሁለቱ ሮዙ ላይ፣ ሦስቱ ግራጫው ሳይገጥም ቀርቶ፣ አንዱ ጥቁሩ በዝቶበት። ለዚህ ነው ቁጥሩ 14 የሆነው። ሰሌዳው ላይ አሁን የቀረው ጥቁር የነበረው ክፍል ብቻ ነው፤ አሥራ አምስተኛ አባ ኮዳ ማንም ሊያትም አይችልም፣ እኔም ጭምር።

ሠዓሊ ሸራ ላይ እየሄደ መንገዱን መቀየር ይችላል። ኅትመት የሚማር ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻውን ማየት ይለምዳል፤ ነጩ የት ይቀራል፣ ከምን በፊት ምን ይመጣል፣ ቢሳሳትስ በምን ያቃናዋል። «ለዚያስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?» ላሉት እናት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። መቅረጽን ማንም በሳምንት ያሳያታል። ይህን አስተሳሰብ ከእጅ ጋር ለማዋሃድ ግን ዓመታትና ከጎኗ የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጓታል።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ

በአገራችን በዚህ ሙያ ረጅም ታሪክ ያለው አዲስ አበባ የሚገኘው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ሲሆን ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ባሂያ የሚባል፣ ጀርመን ተወልዶ ብራዚል የኖረ የእንጨት ኅትመት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለጥቂት ዓመታት አስተምሯል። በእንጨት ኅትመትም በቀርከሃ ላይ በሠራቸው ሥራዎችም የሚታወቀው ዘሪሁን የትምጌታ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ኅትመት ለእኛ ትናንት የመጣ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ይህን የማነሳው።

እንዲህ ባለ ትምህርት መጀመሪያ የሚመጣው መሠረት ነው፦ ንድፍ፣ ቀለም፣ ቅንብር፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ። ንድፍ ስል ቀልድ አይደለም፤ ሰሌዳ ላይ የሚሳሳት እጅ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ያልሠለጠነ እጅ ነው። ከዚያ ተማሪው ወደ ስቱዲዮ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ የራሱን ሥራዎች አዘጋጅቶ ለዕይታ ያቀርባል፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ቆሞ ያስረዳል።

ስለ ስቱዲዮው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሠዓሊ ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ሊሠራ ይችላል፤ ኅትመት ግን ደቦ ነው። ትልቁ ፕሬስ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ተራ ይያዛል፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት ያነሳለታል። አንድ ሰው ቀለም ሲቀባ እጁ ይቆሽሻል፤ ወረቀቱን የሚይዘው ንጹሕ እጅ ያለው ጓደኛው መሆን አለበት። «አንተ ቆሻሻ እጅ፣ እኔ ንጹሕ እጅ» ተባብለን ሥራ የምንከፋፈልበት ጊዜ ከሁሉም በላይ ይናፍቀኛል። ጠረጴዛውን ሳያጸዳ የሄደ ሰው ነገ የሚረዳው ያጣል። በዚህ ምክንያት የኅትመት ተማሪዎች ከተመረቁም በኋላ ሲጠያየቁ ይኖራሉ።

ስለ እንጀራ ጉዳይ

እናትየው ይህንንም ጠይቀዋል፤ ሊጠይቁም ይገባል። በሥነ ጥበብ ብቻ መኖር ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ ለማንም አልምልም። ግን ከኅትመት ተማሪ እጅ የሚወጣው ሙያ ከሸራው ይልቅ ወደ ገበያው ይቀርባል። ስክሪን የሚያውቅ ሰው ነገ ጠዋት ቲሸርት፣ ቦርሳ፣ የሱቅ ከረጢት ማተም ይችላል። ቀለም በቀለም ላይ እንዴት እንደሚገጥም የገባው ሰው ለማሸጊያና ለመጽሐፍ ሽፋን ሥራ ይፈለጋል። ማስተማርም አለ። ሥራው በቁጥር ስለሚወጣ ደግሞ ዋጋው ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ አንድ ሸራ የሚገዛ ሀብታም ከመጠበቅ 14 ወረቀት ለ14 ቤት መሸጥ ይቻላል። ሐይቁን ለማየት ወደ ሀዋሳ የሚመጣ እንግዳ ትልቅ ሸራ አይሸከምም፤ ተጠቅልላ ቦርሳ የምትገባ ወረቀት ግን ይይዛል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ

ልጅቷ ፈተናው እስኪደርስ እጇን ማሠልጠን ትችላለች፤ ፕሬስም ሊኖም መጠበቅ የለባትም። ያረጀ ወፍራም የነጠላ ጫማ ሶል ጥሩ ሰሌዳ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቢላ ያስገባል። ከአናጢ ቤት የሚጣል የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለውድከት ይሆናል። የተሰበረ ጃንጥላ የጎድን ሽቦ ውስጡ ቦይ ስላለው ጫፉ በድንጋይ ተስሎ እንጨት እጀታ ሲገባለት መቅረጫ ይሆናል። ውስጡ ብር ቀለም ያለው የጁስ ካርቶን ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ በመርፌ ቢጫር ያለ መዳብ ድራይፖይንት ያለማምዳል። ካርቶን ላይ ክር፣ ቅጠልና ጨርቅ በኮላ ለጥፎ ማተምም አለ፤ የኮባ ቅጠል ጅማት በዚህ መንገድ ሲታተም እንዴት እንደሚያምር ሞክራችሁ እዩት።

ቀለም ከማተሚያ ቤት ይለመናል። ቆርቆሮ ግርጌ የቀረችውን የኦፍሴት ቀለም ብዙዎች በነጻ ይሰጣሉ። መስታወት ላይ በሮለር ስትዘረጓት ጆሯችሁን ስጡ፤ ልኩ ላይ ስትደርስ ሽንኩርት ዘይት ላይ እንደሚጮኸው «ሽሽ» ትላለች። ከበዛች የብርቱካን ልጣጭ ትመስላለች፤ ያን ጊዜ ቀንሱ፣ ካልሆነ ስሱን መስመር ትደፍናለች። በፕሬስ ፋንታ ማንኪያ አለ። ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አስተኝታችሁ በማንኪያው ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር እየዞራችሁ እሹት። ሳታነሱት በፊት አንዱን ማዕዘን ብቻ ገለጥ አድርጋችሁ ዕዩ፤ ከፈዘዘ መልሳችሁ አስተኙትና እሹት።

ስትቀርጹ የያዛችሁበት እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን፣ ከፊቱ በፍጹም። ሰሌዳው ቢጠነክር ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ስትጨርሱ ናፍጣ አትፈልጉ፤ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡ። ሮለሩን ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ያደረ ሮለር አንድ ጎኑ ይደፈጠጥና ከዚያ በኋላ በሚታተም ወረቀት ሁሉ ላይ ያቺን ነጭ መስመር ይደግማታል።